በሌሊት የሩቅ ኤኤም ጣቢያ ማደን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ። ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ታክሲ ነድቻለሁ። ያን ጊዜ የያዘኝ ፍቅር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ማታ ማታ በተራ የኤኤም ሬዲዮ የሩቅ ከተማ ጣቢያዎችን እፈልጋለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ተቀራራቢ ስለሆነ መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ምንድን ነው የምታድነው?

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የኤኤም ሬዲዮ ትከፍታላችሁ። ማዞሪያውን ቀስ እያላችሁ ታዞራላችሁ። ቀን ላይ ሹሽታ ብቻ በነበረበት ቦታ ሰው ሲያወራ ትሰማላችሁ። ማን ነው? ከየት ነው? ይህን ለይቶ ማወቅና መዝግቦ መያዝ ነው ነገሩ። አዘውትረው የሚያደርጉት ሰዎች «ዲኤክስ» ይሉታል። ቃሉ በቴሌግራፍ ዘመን «ርቀት» ለማለት ይጠቀሙበት ከነበረው አጭር አጻጻፍ የመጣ ነው።

የጀመርኩበት ሌሊት ትዝ ይለኛል። ጥር ነበር። ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቅኩ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ሬዲዮው ኤኤም 780 ላይ ቆሟል። ሰውዬው ስለ መንገድ መጨናነቅ ያወራል። ኬኔዲ፣ ዳን ራያን እያለ መንገድ ይጠራል። የዲሲን መንገድ አብጠርጥሬ ነው የማውቀው፤ እንዲህ የሚባል ፈጣን መንገድ የለም። ቀጥሎ ሰዓት ተናገረ። ከመኪናዬ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ያኔ ገባኝ። የምሰማው ቺካጎን ነው። 950 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ በታክሲ ሬዲዮ! ተሳፋሪው መጥቶ መስኮት እስኪያንኳኳ ድረስ ከዚያ ጣቢያ አልተነሳሁም።

የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን በአጭር ሞገድ ከመስማት በምን ይለያል?

የአጭር ሞገድ ጣቢያ ከመነሻው የሚናገረው ለሩቅ ሰው ነው። የጀርመን ድምፅ በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ በ1982 በአማርኛ ማሰራጨት ሲጀምሩ አድማጩ ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። እኛን ብለው ነው ያወሩት።

የኤኤም ጣቢያ ግን ለጎረቤቱ ነው የሚያወራው። ኤኤም የምንለው በእኛ አጠራር መካከለኛ ሞገድ ነው፤ ከ530 እስከ 1700 ኪሎ ኸርዝ ያለው ክልል ማለት ነው። እዚያ የምትሰሙት በበረዶ ምክንያት ነገ የሚዘጉ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ነው። የከተማው ሶፋ ቤት ማስታወቂያ ነው። የጠፋ ውሻ፣ የእሑድ ስብከት፣ የሰፈር ኳስ ውጤት ነው። ማንም ለእናንተ ብሎ አላሰናዳውም። ሰማዩ ነው ጠልፎ ያመጣላችሁ። ለእኔ ደስታው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ከተማ ለራሱ ሰው ሲያወራ በበሩ አጠገብ ቆሞ እንደ መስማት ነው።

ቀን የማይሰማ ጣቢያ ሌሊት ለምን ይሰማል?

ከጣቢያው የማሰራጫ ማማ የሚወጣው ሞገድ በ2 መንገድ ይጓዛል። አንዱ መሬት መሬቱን ይሄዳል፤ ቀን የምትሰሙት እሱን ነው። እየራቀ ሲሄድ መሬቱ ይውጠዋል። ሌላው ወደ ሰማይ ይወጣል።

ከምድር ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረር አየሩን እየነካካ ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል። ይህ ንብርብር «ዲ» ይባላል። ቀን ወደ ላይ የወጣውን የኤኤም ሞገድ ውጦ ያስቀረዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን የተላቀቁት ኤሌክትሮኖች ቶሎ ተመልሰው ይጣበቃሉ፤ ንብርብሩም ይጠፋል። መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። ከዚያ በላይ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ያሉት ንብርብሮች ደግሞ ሌሊትም አይጠፉም። እነሱ ሞገዱን አጥፈው ወደ ምድር ይመልሱታል። ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል። አንዳንዴ ወርዶ እንደገና ይነጥራል።

ይህን ለማወቅ ጊዜ ፈጅቷል። የሬዲዮ ፈር ቀዳጁ ማርኮኒ ታኅሣሥ 1901 ምልክቱ አትላንቲክን ተሻገረ ሲል፣ ምድር ክብ ሆና ሳለ ሞገዱ እንዴት እንደታጠፈ አልታወቀም ነበር። በ1902 አሜሪካ ውስጥ ኬነሊ፣ እንግሊዝ ውስጥ ሄቪሳይድ፣ ሰማይ ላይ አንድ ንብርብር መኖር አለበት ብለው ጻፉ። ንብርብሩ በእርግጥ እንዳለ በ1924 በሙከራ ያሳየው አፕልተን ነው። በ1947 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመበት።

ድምፁ ለምን ይመጣል፣ ይሄዳል?

ሞገዱ በአንድ መንገድ ብቻ ስለማይመጣ ነው። ትንሽ ለየት ባሉ መንገዶች መጥቶ እናንተ ጋ ይገናኛል። ሲደጋገፍ ድምፁ ይጎላል፣ ሲጣላ ይጠፋል። የሰማዩ ንብርብር ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም። ስለዚህ ጣቢያው እንደተኛ ሰው ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

ጠፋ ብላችሁ አትለፉት። 2 ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዴ አንዱ ጣቢያ ሲሰምጥ ከሥሩ ሌላ ጣቢያ ብቅ ይላል። በአንድ ቁጥር ላይ 3 ከተማ የሰማሁበት ሌሊት አለ።

ምን ዓይነት ሬዲዮ ልግዛ?

መጀመሪያ ምንም አትግዙ። መኪና ካላችሁ መኪናችሁ ውስጥ ያለው በቂ ነው። የመኪና ሬዲዮ ኤኤም ላይ ጎበዝ ነው፤ አንቴናው ውጭ ነው፣ መኪናውንም ከቤት ራቅ አድርጋችሁ ማቆም ትችላላችሁ። ሞተሩን አጥፉና ስሙ።

ከጣማችሁ በኋላ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ሬዲዮ ያዙ። የቴክሰንና የሳንጊን ሬዲዮዎች ዛሬ በቀላሉ ይገኛሉ። አሮጌ ዕቃ የሚወዱ ሰዎች የሶኒን አይሲኤፍ-2010 ወይም የፓናሶኒክን አርኤፍ-2200 ያሳድዳሉ። አባታችሁ ቤት አቧራ የጠጣ ባለ ባትሪ ድንጋይ ሬዲዮ ካለ ደግሞ እሱን ሞክሩ። ከዘመኑ ብዙ ሬዲዮዎች የተሻለ ሆኖ ታገኙት ይሆናል።

የሬዲዮው አንቴና ቢዘረጋ ይሻላል?

ለኤኤም አይጠቅምም። ያ ተስቦ የሚወጣው ዘንግ ለኤፍኤምና ለአጭር ሞገድ ነው። የኤኤም አንቴና ሬዲዮው ሆድ ውስጥ ነው፤ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር የፌራይት ዘንግ። ይህ ዘንግ አቅጣጫ ያውቃል። ጎኑን ለጣቢያው ሲሰጥ በደንብ ይሰማል። ጫፉ ወደ ጣቢያው ሲዞር ይደነቁራል።

ልጅ ሆኜ ጎንደር አባቴ ማታ ማታ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ዜና ይጠብቅ ነበር። ሲመሽ ከምሥራቅ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ የሚመጣ ዓረብኛ ይገባበታል። አባቴ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ ያሽከረክረዋል። ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ። ዓረብኛው እየሳሳ ሄዶ ጭልጥ ይላል፤ አማርኛው ይቀራል። ከዚያ «በቃ ማንም እንዳይነካው!» ይለናል። እራት ቀርቦ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ እንጠነቀቅ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የሬዲዮው እግር የቆመበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ነበረው። አባቴ ስለ ፌራይት የነገረው ሰው የለም። የማይፈለገውን ጣቢያ በዘንጉ ጫፍ ማፈን ግን የዚህ ሥራ ዋናው ብልሃት ነው። እናንተም ሁለት ጣቢያ ሲደባለቅባችሁ ሬዲዮውን አሽከርክሩት።

እኔ ቤት የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

ጩኸቱ ከሰማይ ሳይሆን ከቤታችሁ ነው። የስልክ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ የኮምፒውተር አዳፕተር፣ የኢንተርኔት ሳጥን፤ ሁሉም ኤኤም ላይ ይጮኻሉ።

እኔ ራሴ መጀመሪያ የገዛሁት ደህና ሬዲዮ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር። ከጫፍ ጫፍ «ዝዝዝ» ብቻ። አንድ ቅዳሜ ሬዲዮውን በባትሪ አድርጌ፣ የቤቱን ብሬከር በሙሉ አጠፋሁት። ድንገት ጸጥ አለ። ከጸጥታው ውስጥ 4 ወይም 5 ጣቢያ ወጣ። ከዚያ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያበራሁ ጥፋተኛውን ፈለግኩ። አልጋዬ አጠገብ የተሰካ የስልክ ቻርጀር ነበር። ስልክ እንኳ አልተሰካበትም። ነቀልኩት፤ ቤቱ ዳነ።

አፓርታማ ውስጥ ከሆናችሁ የጎረቤትን ቻርጀር መንቀል አይቻልም። መስኮት ጋ ጠጉ፤ ካልሆነ በረንዳ ውጡ። ከሁሉም የሚበልጠው ሜዳ ወይም ባሕር ዳርቻ መሄድ ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ግን አትቁሙ።

አንቴና ራሴ መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ እኔ የምወደው ክፍል ደግሞ ይህ ነው። ስሙ ሉፕ ይባላል። የሽቦ ጥምጥም ነው።

ሁለት እንጨት አጣልፋችሁ መስቀል ሥሩ። ሽቦው ሲጠመጠምበት እያንዳንዱ ጎን 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን እንዲወጣ አድርጉ። በፕላስቲክ የተሸፈነ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ወደ 14 ዙር ጠምጥሙበት። 34 ሜትር ያህል ሽቦ ይበላል። በዙሮቹ መካከል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። የሽቦውን ሁለት ጫፎች ከአሮጌ ሬዲዮ በወጣ የጣቢያ ማዞሪያ ካፓሲተር ላይ እሰሩ፤ 365 ፒኮፋራድ የሚደርስ ቢሆን ጥሩ ነው። አለቀ። መብራት አይፈልግም፣ ባትሪ አይፈልግም።

ሬዲዮውን በሽቦ ማገናኘት አያስፈልግም። አጠገቡ አስቀምጡትና ደካማ ጣቢያ ላይ አድርጉት። ከዚያ የሉፑን ካፓሲተር ቀስ ብላችሁ አዙሩ። አንድ ነጥብ ላይ ስትደርሱ ድምፁ ዘልሎ ይወጣል። መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ደንግጬ እጄን አነሳሁ። ሽቦውን ስጠመጥም እናቴ ድውር ስታዳውር ታየችኝ፤ ያው እጅ ነው፣ ያው ትዕግሥት። ሽቦው ከላላ አይሆንም፣ ከተደራረበም አይሆንም።

የትኞቹን ጣቢያዎች ልሞክር?

በአሜሪካ ምሥራቅና መካከለኛ ክፍል ላላችሁ፦ እዚህ አገር ለአንድ የኤኤም ጣቢያ የሚፈቀደው ትልቁ ኃይል 50 ኪሎዋት ነው። እነዚህን ፈልጉ። ናሽቪል 650 ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ከ1925 ጀምሮ ያልተቋረጠውን የግራንድ ኦል ኦፕሪ ሙዚቃ ያስተላልፋል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ጣቢያ አላውቅም። ሲንሲናቲ 700፣ አትላንታ 750፣ ኒውዮርክ 770፣ ቺካጎ 780፣ ሉዊቪል 840፣ ኒው ኦርሊንስ 870፣ ቦስተን 1030፣ ሴንት ሉዊስ 1120። ከካናዳ ቶሮንቶ 740 ላይ አለች፤ የድሮ ዘፈን ታሰማለች። ምዕራብ ላላችሁ ሎስ አንጀለስ 640፣ ዴንቨር 850፣ ሶልት ሌክ ሲቲ 1160።

ወደ ደቡብ ስትጠጉ ኩባ ትገባለች። ሬዲዮ ሬሎ የሚባለው ጣቢያ ከ1947 ጀምሮ ዜና ብቻ ያወራል። ከጀርባው ሰዓት በየሰከንዱ «ጢቅ፣ ጢቅ» ይላል። ደቂቃ ሲሞላ በሞርስ ኮድ ሁለት ጊዜ የ«አር» ፊደል ይመታል። ስፓኒሽ ባትችሉም በዚያ ጢቅጢቅታ ትለዩታላችሁ።

አውሮፓ ላላችሁ ቢቢሲ ሬዲዮ 5 ላይቭን በ693 ወይም በ909 ሞክሩ። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ ታድላችኋል፤ ከሳዑዲ፣ ከኢራን፣ ከህንድ የሚመጡ ብርቱ ጣቢያዎች ሌሊቱን ይሞሉታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኜስ?

ይሠራል። እንዲያውም አዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ስለምትጠልቅ ማታው ረጅም ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ የሚመጡ የዓረብኛ ጣቢያዎች በብዛት ይገባሉ። ሞገድ በጨው ውኃ ላይ ሲጓዝ ብዙም አይዳከምም።

ክረምት ግን አስቸጋሪ ነው። መብረቅ በኤኤም ላይ ይንጣጣል፤ የሩቁም ነጎድጓድ ይሰማል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው በጋ ይሻላል። እዚያ ሬዲዮ በ9 ኪሎ ኸርዝ ነው የሚዘለው፤ 531፣ 540፣ 549 እያለ። አሜሪካ ግን በ10 ነው። ከአሜሪካ ሬዲዮ ይዛችሁ ከሄዳችሁ የ9 እና የ10 መቀየሪያ እንዳለው አስቀድማችሁ እዩ።

ከስንት ሰዓት ጀምሬ ልስማ?

ፀሐይ ልትጠልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ጀምሩ። ያ ሰዓት የሚገርም ነው። ምሥራቁ ጨልሞ ምዕራቡ ገና ቀን ነው፤ አንዱ ጣቢያ ከሌላው ቀድሞ ይነቃል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትናንሽ ጣቢያዎች ሲመሽ ኃይል የመቀነስ ወይም የመዝጋት ግዴታ አለባቸው። ሊዘጉ ሲሉ ለጥቂት ደቂቃ ከሩቅ ይሰማሉ፤ ከዚያ ጭጭ። ንጋት ላይም እንደዚያው ነው።

ከዓመቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን እመርጣለሁ። ሌሊቱ ረጅም ነው፤ መብረቅ የለም። ፀሐይ ራሷ ስትረበሽ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። እንደ ግንቦት 2024ቱ ያለ የፀሐይ ማዕበል ሲመጣ የሰሜን ጣቢያዎች ይደክማሉ፤ ደቡቡ ጎልቶ ይወጣል። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትጋረድም፣ እንደ ነሐሴ 2017 እና እንደ ሚያዝያ 2024፣ ጠራራ ቀን ላይ የሩቅ ጣቢያ ብልጭ ይላል።

ሰዓቱን በየትኛው ልመዝግብ? በእኛ፣ በአሜሪካ፣ ወይስ በዩቲሲ?

በዩቲሲ። ዩቲሲ የዓለም የጋራ መለኪያ ሰዓት ነው፤ ሁሉም የሚግባባው በሱ ነው። ለእኛ የሚመች ዘዴ ልንገራችሁ፦ ከዩቲሲ 3 ቀንሱ፤ የሐበሻ ሰዓት ይመጣላችኋል። ዩቲሲ 18 ሰዓት ከሆነ ሲቀነስ 15፣ ማለትም ከምሽቱ 3 ሰዓት። ዩቲሲ እኩለ ሌሊት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

የእኔ ደብተር አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «650። 02፡14 ዩቲሲ። ባንጆ፣ ሴት ዘፋኝ፣ ጭብጨባ። 3 ደቂቃ ጠፍቶ ተመለሰ። ናሽቪል።»

ጣቢያው የት እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

ሰዓት ሲሞላ ጆሯችሁን አቁሙ። አሜሪካ ውስጥ ጣቢያዎች ሰዓት በሞላ ቁጥር የመለያ ፊደላቸውንና ከተማቸውን የመናገር ግዴታ አለባቸው። ከሚሲሲፒ ወንዝ ምሥራቅ ያሉት በብዛት በ«ደብሊው»፣ ምዕራብ ያሉት በ«ኬ» ይጀምራሉ።

ጣቢያው ልክ በዚያች ሰከንድ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ ሌላ ፍንጭ ያዙ። የሚናገሩትን ሰዓት፣ የአየር ጠባይ፣ የመንገድ ስም፣ በማስታወቂያ ላይ የሚጠሩትን የስልክ ቁጥር መነሻ። ስልካችሁን አጠገቡ አድርጋችሁ ቅዱት። ደግሞ ሲሰማ ያልያዛችሁት ቃል ይወጣል።

ጣቢያዎቹ ካርድ ይልካሉ የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፤ ጣቢያውን መስማታችሁን የሚያረጋግጥ ካርድ ነው፣ ኪውኤስኤል ይባላል። የሰማችሁበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ ቢያንስ የ15 ወይም የ20 ደቂቃ ዝርዝር ጽፋችሁ ለጣቢያው መሐንዲስ ትልካላችሁ። «ጥሩ ሙዚቃ ሰማሁ» አይበቃም፤ የማስታወቂያውን ስም ጻፉ። አድራሻችሁ ያለበት ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ አብራችሁ ክተቱ። ኦሃዮ ውስጥ ካለ አንድ ትንሽ ጣቢያ ከ5 ወር በኋላ መልስ መጣልኝ። መሐንዲሱ በእጁ ነበር የጻፈው። ማሰራጫቸው እዚህ ድረስ መሰማቱን ሲያውቅ በጣም እንደተደሰተ ነገረኝ። ያ ደብዳቤ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ አለ።

ነገሩ አዲስ ፋሽን ነው?

ከሬዲዮ ጋር እኩያ ነው። የፒትስበርጉ ጣቢያ ኬዲኬኤ የአሜሪካን ምርጫ ውጤት ኅዳር 2 ቀን 1920 ሲያስተላልፍ፣ ወዲያው ሰው ሩቅ ጣቢያ ለመስማት መሽቀዳደም ጀመረ። በ1920ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ጣቢያዎቹ ሰኞ ማታ በስምምነት ይዘጉ ነበር፤ የከተማው ሰው የሌላ ከተማ ጣቢያ እንዲሰማ ብለው። ዛሬ ማን እንዲህ ያደርጋል? የሲንሲናቲው 700 ደግሞ ከ1934 እስከ 1939 በ500 ኪሎዋት አሰራጭቷል። በዚህ የተሰባሰቡ ሰዎች ማኅበር፣ ናሽናል ሬዲዮ ክለብ፣ በ1933 ተቋቁሞ እስካሁን አለ።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

አሜሪካ ውስጥ ለመስማት አያስፈልግም። ለማሰራጨት ነው የሚያስፈልገው።

ይህ ሁሉ በኢንተርኔት እየተገኘ ለምን ትደክማለህ?

በኢንተርኔት ቺካጎን ብከፍት ቺካጎ ይመጣል። ሁሌ ይመጣል። በሬዲዮ ግን ዛሬ መጥቶ ነገ ይቀራል። ዛሬ የሰማሁት ሞገድ ከማማው ወጥቶ፣ ሰማይ ነክቶ፣ እኔ የጠመጠምኩት ሽቦ ላይ ነው ያረፈው። መካከል ላይ ማንም የለም። ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነው።

ሆኖም ቤታቸው በጩኸት የተሞላ ሰዎች አንድ አማራጭ አላቸው። ሆላንድ የሚገኘው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ከ2008 ጀምሮ አንድ መቀበያ በኢንተርኔት ከፍቶ አስቀምጧል። ማንም ገብቶ ማዞሪያውን ያዞራል። አውሮፓ ላይ ሌሊት ሲሆን ግቡና ኤኤሙን ስሙ። ጆሮ ለማለማመድ ጥሩ ነው።

ኤኤም እየሞተ አይደል?

እየቀነሰ ነው፤ መደበቅ አይቻልም። የጀርመኑ ሬዲዮ ዶይችላንድፉንክ መካከለኛ ሞገዱን በ2015 መጨረሻ ዘጋ። ኒውዮርክ ውስጥ ከ1967 ጀምሮ ዜና ያሰማ የነበረው 880 ነሐሴ 2024 ዜናውን ትቶ ስፖርት ሆነ። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ኤኤም ላይ ስለሚጮህ አንዳንድ አምራቾች ኤኤሙን ከመኪናው አውጥተውታል። ፎርድ ሊያወጣ ነበር፤ በ2023 ሰው ሲቃወም ተመለሰ። እኔ ኤኤም መኪና ውስጥ ይቆይ ከሚሉት ወገን ነኝ። መብራትና ስልክ በጠፋበት ማዕበል መሐል የሚሰማው እሱ ነው።

አንድ ትልቅ ጣቢያ ሲዘጋ ግን ቦታው ባዶ አይቀርም። ለዓመታት በሱ ተሸፍኖ የኖረ የሩቅ ደካማ ጣቢያ ይወጣል። ስለዚህ መስማት የምትፈልጉ ሰዎች ዘንድሮ ጀምሩ።

ኢትዮጵያን ከአሜሪካ በኤኤም መስማት ይቻላል?

ሐበሻ ሁሉ በመጨረሻ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ከዲሲ እስከ አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በታኅሣሥ ሁለቱም ከተሞች አብረው የሚጨልሙበት ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ አለ። መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ አዲስ አበባ አቅራቢያ ካለው የገጃ ማሰራጫ፣ 873 ላይ ነው። ኒው ኦርሊንስ ደግሞ በ50 ኪሎዋት 870 ላይ ተቀምጣለች። 3 ኪሎ ኸርዝ ብቻ። በር ላይ ቆማ አታስገባም። በየዓመቱ ታኅሣሥ እሞክራለሁ። እስካሁን አልሰማሁም።

ያገኘሁት ቅርብ ነገር ይህ ነው። አንድ ጥር ሌሊት ሉፑን ጭኜ ሜሪላንድ ባሕር ዳርቻ ሄድኩ። ነፋሱ ያቃጥላል። መኪናው ውስጥ ሆኜ 1521 ላይ አደረግኩ። ሳዑዲ አረቢያ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዱባ ላይ፣ በዓለም እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎች አንዱ አለ። መጀመሪያ የመጣው ቀጭን ፉጨት ነበር፣ 1520 ላይ ካለው የቡፋሎ ከተማ ጣቢያ ጋር ሲፋተግ። ሉፑን አሽከረከርኩት። ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ። ቡፋሎ ሳሳ። ከዚያ ዓረብኛ። አባቴ ጎንደር ጠረጴዛው ላይ ሬዲዮውን እያዞረ እንደሸሸው ያለ ዓረብኛ፣ ከዚያው ከቀይ ባሕር ማዶ። 40 ሰከንድ ያህል ቆየና ሰመጠ። ሉፑ የቆመበትን ቦታ ዳሽቦርዱ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩበት።